ማስታወቂያውን ከማተማችሁ በፊት የላይሰንሱን ቁጥር ጠይቁልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጋዜጣችሁን ከሀበሻ ሱቅ እንጀራ ስገዛ አብሬ አነሳለሁ። ማንበብ የምጀምረው ከኋላ ገጽ ነው፤ ማስታወቂያ ማየት እወዳለሁ። ከኦክቶበር ወዲህ ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። «ሂተር፣ ፈርነስ፣ ኤሲ እንጠግናለን። 24 ሰዓት። በቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ስልክ ቁጥር አለ። ሌላ ምንም የለም። የድርጅት ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ የላይሰንስ ቁጥር የለም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣን ሰው የከተማውን የላይሰንስ ቁጥር ጠይቁት። ካለው ከስልኩ ሥር አትሙለት። ከሌለው አትቀበሉት።

ለምን እንደምል ላስረዳ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ፈርነስ፣ ማለትም ቤት የሚያሞቀውን የጋዝ ማሽን፣ እጠግናለሁ። ተቀጥሬ ነው የምሠራው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ስልኬንም አልሰጥም፤ ስለዚህ ገበያ ፍለጋ ነው እንዳትሉኝ። (ሚስቴ «ይሉሃል» ብላኛለች።)

መጀመሪያ ስለ ላይሰንሱ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤሌክትሪሻንና የቧንቧ ሠራተኛ ፈቃድ የሚያወጡት ከስቴቱ ነው። የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሠራተኛ ግን የስቴት ፈቃድ የለውም፤ ስቴቱ አይሰጥም። የሚሰጡት ከተሞቹ ናቸው። ዴንቨር የራሱ አለው፣ ኦሮራም የራሱ አለው። ስለዚህ አንድ ሰው በራችሁ ላይ ቆሞ «የኮሎራዶ ስቴት የሂተር ላይሰንስ አለኝ» ካላችሁ እዚያው ላይ ጠርጥሩ። ምናልባት የሚያሳያችሁ ድርጅት ያስመዘገበበትን ወረቀት ነው። እሱን ደግሞ እኔም እናንተም ዛሬ ማታ ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ብለን በትንሽ ዶላር ማውጣት እንችላለን። ፈርነስ ሲቀየር ደግሞ ከከተማው ፐርሚት፣ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚሆን ፈቃድ፣ ይወጣል፣ ኢንስፔክተር መጥቶ ያያል። «ፐርሚት ምን ያደርግላችኋል፣ ገንዘባችሁን ነው የሚበላው» የሚል ሰው ኢንስፔክተሩ እንዲያየው የማይፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

ላይሰንስ የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልም። አገር ቤት ቴክኒክና ሙያ ተምረው የመጡ፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ ልጆች አውቃለሁ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈርተው፣ ወይም ቀን ኡበር እየነዱ ጊዜ አጥተው የቀሩ። አዝንላቸዋለሁ። ግን ቀለም የሚቀባ ሰው ቢሳሳት ግድግዳ ይበላሻል፣ ፈርነስ የሚተክል ቢሳሳት ሰው ይሞታል። በተለይ እዚህ ከፍታ ላይ።

እኛ ለከፍታ እንግዳ አይደለንም። ዴንቨር የምትኮራበት አንድ ማይል 1,609 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ከ700 ሜትር በላይ ትበልጣለች። እዚያ ግን ቤት በጋዝ አናሞቅም። ጋቢ ደርበን፣ ቡና አፍልተን እናልፈዋለን። እዚህ በጋቢ አይታለፍም። ዲሴምበር 2022ን እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ፋራናይት ወረደ፣ በማግስቱ ከዜሮ በታች 24 ገባ፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 ማለት ነው። እንዲያ ባለ ቀን ሂተር ከጠፋ ሰው የመጀመሪያውን ስልክ ነው የሚደውለው። የእናንተን የኋላ ገጽ ገልጦ።

አሁን ትንሽ ወደ ሙያው ልግባ፣ ታገሡኝ። ጋዝ ሲነድ ኦክስጅን ይፈልጋል። ዴንቨር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፈርነስ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ነው። እንዳለ አምጥተው እዚህ ቢተክሉት ጋዙ ያው ሆኖ አየሩ ያንሰዋል። ስለዚህ ጋዙን መቀነስ ግድ ነው። የቆየው ደንብ፣ አምራቹ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በየ1,000 ጫማው 4 በመቶ ቀንስ ይላል። ለዴንቨር ሲሰላ 21 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሳጥኑ ላይ 100,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የተጻፈበት ፈርነስ እዚህ ከ79,000 ገደማ በላይ ጋዝ መብላት የለበትም። ወደ ተራራው፣ ወደ ሌድቪል ስትወጡ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ልዩነቱ የባሰ ነው። ይህ የሚስተካከለው ኦሪፊስ የምንላትን ጋዙ የሚወጣባትን የናስ ፍሬ ቀዳዳዋ በጠበበ በመቀየር፣ ግፊቱን በመለኪያ እያዩ በማስተካከል፣ በአንዳንዱም ፕሬሸር ስዊቹን፣ የአየሩን ግፊት የሚጠብቀውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ በመለወጥ ነው። ኦሪፊስ ከጣት ጥፍር አትበልጥም። የጠበበችውንና የሰፋችውን በዓይን አትለዩአቸውም፤ የሚለያቸው ላያቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር አንብቦ ከሠንጠረዥ ጋር የማያመሳክር ሰው የተከለው ፈርነስ ይሠራል፣ ያሞቃል፣ ደንበኛውም መርቆ ይሸኘዋል። ጉዱ የሚመጣው ኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት የአንድ ታውንሃውስ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ገባሁ። ፈርነሱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። የተከለው «የኛው ልጅ» ነው፤ ከሌላ ስቴት የመጣ፣ ፈጣን፣ ዋጋው የሌላው ግማሽ። ሽፋኑን ስከፍተው ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ ማለት የነበረበት እሳት ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። እሳቱ የሚወጣባቸው የበርነሮቹ አፍ ጥላሸት ለብሷል። የከፍታው ኪት፣ ኦሪፊሶቹና ሌሎቹ ለከፍታ የሚቀየሩት ዕቃዎች ያሉበት፣ ከነላስቲኩ ሳጥኑ ግርጌ ተቀምጧል፣ ማንም አልከፈተውም። ባለቤትየዋ «ልጆቹን ማታ ማታ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ከደረቁ አየር ይሆናል ብዬ ነበር» አለችኝ። ይኼ ነው የዚህ አገር አስቸጋሪው ነገር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሲመጣ ሁሉም ሰው በከፍታው ያሳብባል። በተለይ ከሜሪላንድ ወይም ከቴክሳስ በቅርቡ የመጣ ሰው «ገና አልለመድኩትም» እያለ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እሳት በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣውን የማይሸት መርዝ፣ ሲተነፍስ ሊከርም ይችላል። ከቤት ስትወጡ የሚሻላችሁ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ካመማቸው፣ ከፍታው አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ከሰል ነው። ስለዚህ መጻፍ ያስፈራል፣ ቡናችንን የነካሁ ይመስላል። ግን ልናገረው።

አንድ የጃንዋሪ ሌሊት ሂተር ጠፋብን ተብሎ አፓርትመንት ተጠራሁ። በሩ እንደተከፈተ ቀበቶዬ ላይ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ መጮህ ጀመረ። ፈርነሱ ጠፍቷል፤ ታዲያ ከየት መጣ? ሳሎን ስገባ እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከፊታቸው የቡናው ከሰል ምድጃ ፍም ሞልቶ። መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በፎጣ ተወትፏል። «እማማ፣ ይነሱ፣ ውጭ እንውጣ» ስላቸው «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? ልጆቹን በረዳቸው ብዬ እኮ ነው። ጭሱ ደግሞ አልቆለታል» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ጭሱ አልቆለታል። እኛ ከሰሉን ደጅ አያይዘን፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው ቤት የምናስገባው። መርዙን የሚሰጠው ግን ያው የማይጨሰው ፍም ነው። አገር ቤት በሩ ክፍተት አለው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ነፋስ ያሾልካል። ያም ሆኖ «ከሰል ገደለው» ሲባል ያልሰማ ሀበሻ የለም። የዚህ አገር ቤት ደግሞ ሆን ተብሎ አየር እንዳያሾልክ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ደግነቱ ሁሉም ደህና ሆኑ፤ የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው መረመሯቸው።

ሁሉም ቤት እንዲህ አልፎለት አያድርም። በፌብሩዋሪ 2021 ሂዩስተን ውስጥ መብራት ጠፍቶ ብርዱ ሲጠና፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ የነበረ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ እናትና ትንሽ ልጇን አጥቷል። ዜናው ብዙ ቦታ ወጥቶ ነበር። በ2008 አስፐን ውስጥ ደግሞ ለእረፍት የሄዱ አንድ የዴንቨር ቤተሰብ አራቱም በተኙበት ቀሩ። ከዚያ በኋላ ነው በ2009 የኮሎራዶ ሕግ የወጣው፤ ከመኝታ ክፍል በር በ15 ጫማ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር የሚለው። ማንቂያው ይኑራችሁ። ሽሮ ሲቁላላ ይጮኻል ብላችሁ ባትሪውን አታውጡ፤ እሱ የጭሱ ማንቂያ ነው፣ የካርቦኑ ለሽሮ አይጮኽም። ደግሞ ስላልጮኸ ብቻ ደህና ነን አትበሉ፤ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን እንኳ ማንቂያው ለመጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ይኼን ሁሉ የምለው ሂተር ሲጠፋ ሰው በድንጋጤ የሚያደርገውን ስላየሁ ነው። ኦቨን ከፍቶ የሚተኛ አለ። ተራ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ መግዛት ይሻላል፤ ግን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ በኤክስቴንሽን አይሆንም፣ ከአልጋና ከመጋረጃ 3 ጫማ ይራቅ። ጋዝ ከሸተታችሁ ደግሞ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉ፤ ውጡና ከውጭ 911 ደውሉ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ «አምሃሪክ» ካላችሁ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኟችኋል።

ቀጥሎ የምነግራችሁን አለቃዬ ባይሰማ ይሻላል። ሌሊት ከምንጠራበት ስንቱ ቤት ነው ምንም ያልተበላሸው! ቴርሞስታቱ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ ጨርሷል። ወይ ፊልተሩ ከተቀየረ ዘመን የለውም፣ በአቧራ ታፍኖ ፈርነሱ ከመጠን በላይ ግሎ ራሱን አጥፍቷል። ወይ ቤዝመንት ውስጥ የመብራት የሚመስለውን የፈርነሱን ማብሪያ ማጥፊያ ልጅ ነክቶታል። ወይ የፈርነሱ ሽፋን በደንብ አልተዘጋም፤ ሽፋኑ ካልገጠመ አይነሳም። ብዙዎቹ አዳዲስ ፈርነሶች ጭሳቸውን የሚያወጡት ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ በጎን ግድግዳ ዘልቆ ነው፤ በረዶ ሲከመር ቧንቧውን ይደፍነዋል፣ ፈርነሱም ይቆማል። ወጥታችሁ በእጃችሁ ጥረጉት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተነሳ በፈርነሱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የምትብለጨለጨውን መብራት ቁጠሩና፣ ወይም በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና፣ ስትደውሉ ንገሩን። ግማሹን ሥራ ሠራችሁልን ማለት ነው። እስክንመጣ ቧንቧ እንዳይፈነዳ ውሃውን በቀጭኑ ክፈቱት፣ ከሲንክ ሥር ያለውን ካቢኔት በር ክፈቱት፣ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለም እወቁ። ጋዙን ግን አትንኩ። ኦሪፊሱን፣ ቫልቩን፣ ጢስ ማውጫውን «ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው» የሚል ዘመድም አታስነኩ።

ስትደውሉ ሳታፍሩ ጠይቁ። የሌሊት መምጫው ስንት ነው? የከተማ ላይሰንስ ቁጥራችሁ ስንት ነው? ከመሥራታችሁ በፊት ዋጋውን ትጽፉልኛላችሁ? ይሉኝታችን እዚህ ላይ ነው የሚጎዳን። ሰውየው ሌሊት ብርድ ላይ መጥቶልን እንዴት ዋጋ እንከራከራለን እንላለን። ኧረ ተከራከሩ፣ ሥራው ነው!

ላይሰንስ ያለው ሁሉ ደግሞ መልአክ አይደለም። አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት፣ ማስታወቂያው በየአውቶቡሱ ላይ ያለ፣ አንዲት የማውቃትን ነርስ «ሂት ኤክስቼንጀሩ (የእሳቱን ጭስ ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት) ተሰንጥቋል፣ ዛሬውኑ ካልተቀየረ ቤተሰብሽ ያልቃል» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያስፈርማት ነበር። ስሄድ የተበላሸችው ጋዙን የምትለኩሰው ኢግናይተሯ ናት። ከ100 ዶላር በታች የምትገዛ ዕቃ። ሂት ኤክስቼንጀር አይሰነጠቅም አላልኩም፣ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም አደገኛ ነው። ግን ስንጥቁን በካሜራ ያሳያችሁ፣ ፎቶ ይስጣችሁ፣ ፈርነሱን አጥፍታችሁ ሌላ ሰው አስመስክሩ። አደገኛ ነው የሚለውን ቀይ ታግ ካሰረበት ግን «ዋሽቶ ነው» ብላችሁ መልሳችሁ እንዳትከፍቱት፤ መጀመሪያ ሌላው ይየው።

ተከራዮች ደግሞ ይኼን ያዙልኝ። በ2019ና በ2024 የተሻሻለው የኮሎራዶ ሕግ ሂተር የማይሠራበትን ቤት ለመኖሪያ ብቁ ነው አይልም። ለሕይወትና ለጤና የሚያሰጋ ሲሆን የቤቱ ባለቤት ካሳወቃችሁት በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራ መጀመር አለበት። ከጠየቃችሁት ደግሞ በራሱ ወጪ ሌላ ማረፊያ ወይም ሆቴል ሊሰጣችሁ ይገባል። ነገር ግን በጽሑፍ ንገሩት። ቴክስት ወይም ኢሜይል አድርጉ፣ የቴርሞስታቱን ፎቶ አንሱና ላኩ። «ለማናጀሩ በቃል ነግሬዋለሁ» የትም አያደርስም። ቤቱ የራሳችሁ ሆኖ እጅ ካጠራችሁ ሊፕ (LEAP) የሚባል ለማሞቂያ ወጪ የሚሆን የስቴቱ እርዳታ አለ፤ ማመልከቻው ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ነው። የጋዝ ሒሳብ ከመክፈል አልፎ የተበላሸ ሂተር ለሚያስጠግነው ፕሮግራምም መግቢያው እሱ ነው። ስንት ሰው የጋዝ ሒሳብ ብቻ መስሎት ያልፈዋል።

ስለ ኤሲ ብዙ አልልም፤ በጁላይ ኤሲ ቢጠፋ ላብ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ እዚህ ብዙ አሮጌ ቤት ላይ ስዋምፕ ኩለር፣ አየሩን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን፣ አለ፣ እሱም ደህና አድርጎ ያቀዘቅዛል። ብቻ በረዶ ሳይመጣ ውሃውን አፍስሱት፣ መስመሩንም ዝጉት፤ አለበለዚያ በፀደይ ጣራችሁ ረጥቦ ታገኙታላችሁ።

ብርዱ ሲጠና ደግሞ ደህናው ሠራተኛ እንደልብ አይገኝም። በዲሴምበር 2020 መጨረሻ አስፐን ውስጥ የጋዝ መስመር ላይ ሆን ተብሎ ጉዳት ደርሶ 3,500 የሚሆኑ ደንበኞች ጋዝ ሲቋረጥባቸው፣ መልሶ ለማብራት ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ መዝጋትና እንደገና መለኮስ ነበረባቸው፤ ቀናት ፈጀ። ከተማው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አደለ። እንዲያ ያለ ጊዜ ላይ ነው የኋላ ገጹ የሚገለጠው፣ እንዲያ ያለ ጊዜ ላይ ነው ማንም ሰው ማንንም የሚያምነው።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዬ። «ማስታወቂያ ነው የሚያኖረን፣ እንዲህ ካጣራን ገቢ ይቀርብናል» ትሉኝ ይሆናል። ይገባኛል፣ ጋዜጣ በነፃ እያነሳሁ እንዲህ ማለቴም ደስ አይልም። ግን ላይሰንስ ያወጡ፣ ኢንሹራንስ የሚከፍሉ ሀበሾች እዚሁ ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ አሉ፤ በግማሽ ዋጋ ከሚሠሩት ጋር መወዳደር አቅቷቸው ማስታወቂያ ማውጣቱን የተዉ። ቁጥር የምታትሙ ከሆነ እነሱ ይመለሳሉ። ከተማው ዘንድ ደውሎ ቁጥሩ የእውነት መሆኑን ማጣራት ደግሞ የአንድ ስልክ ሥራ ነው። ከፈለጋችሁ ሌሊት ሂተር ሲጠፋ የሚደረገውን በግማሽ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ አዘጋጅቼ በነፃ እልክላችኋለሁ። ከማስታወቂያዎቹ አጠገብ አድርጉት። ፍሪጅ ላይ መለጠፍ እንዲመች ፊደሉ ተለቅ ይበል፤ መነጽር የሚፈልጉ እናቶች ናቸው ቀን ቀን ቤት የሚውሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፈርነስ ጠጋኝ፣ ከኦሮራ